አራቱ ቀይ ካንዴላዎች

ጋሽ ታምሩን የገደላቸው ሰው እሑድን የመረጠ ይመስላል። እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት የወልቂጤ ጋራዥ ሰፈር ጭር ይላል። መዶሻው ዝም፣ መካኒኩ ልብሱን ቀይሮ ጸሎት ቤት። ጋሽ ታምሩም በሠላሳ ዓመት የጋራዥ ኑሯቸው እሑድ ቀን መፍቻ ጨብጠው አያውቁም። ያን ቀን ግን ለሚስታቸው ለወይዘሮ ሸዋዬ «ዛሬ የማስተካክለው ነገር አለ፤ ጌታም ያውቀዋል» ብለው ብቻቸውን ወጡ። ሰባት ሰዓት ላይ ልጃቸው ሩት፣ የመዘምራን ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ፣ ምሳቸውን ይዛ ስትገባ በግንባራቸው ተደፍተው አገኘቻቸው።

ኢንስፔክተር ሳሌሃ ስትደርስ ደሙ መሬቱ ላይ ከፈሰሰው አሮጌ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ነበር።

«ከኋላ ነው የተመቱት» አለ ሳጅን ኢዮብ። ሟቹ የእሱም ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። «በዚህ የጎማ መፍቻ ብረት። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«የጠፋ ነገር አለ?»

«ምንም። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ሰዓታቸውም እጃቸው ላይ።»

ሬሳው ሲነሣ ከደረታቸው ሥር አንድ የካንዴላ መፍቻ ወጣ። ሳሌሃ በመሐረብ ይዛ አየችው፤ ጫፉ ላይ አሥራ ስድስት የሚል ቁጥር ተቀርጿል። አጠገባቸው ፊቷ የተጨፈለቀ ነጭ መኪና ቆማለች። ኮፈኗ ተነሥቷል፤ የጎማ መከለያው ፓራፋንጎ ላይ በተነጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ላይ፣ ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭሩ አራት ካንዴላዎች ተደርድረዋል። ጫፋቸው ሁሉ እንደ ሸክላ ቀልቷል።

መኪናዋን ሳሌሃ ታውቃታለች። በክሬን አስጭና ወደዚህ ያስመጣቻት ራሷ ናት።

ነገሩ ከሦስት ወር በፊት የጀመረ ነው። የሩት እጮኛ ሄኖክ ይህችን መኪና ቱርቦ አስገጥሞ፣ ሞተሯን አሠርቶ አዲስ አበባ ላይ ለሚደረግ ውድድር ያዘጋጃት ነበር። ከቡታጅራ ሲመለስ አንድ ጥምዝ ላይ ከመንገድ ወጣ። አብሮ አደጉ ብሩክ እዚያው ሞተ። ሄኖክ ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ የሰጠው ቃል አጭር ነበር፤ ቀደም ብሎ ቡታጅራ ከአብዶ ሱቅ የገዛውን የኦክቴን ማሳደጊያ ቤንዚኑ ውስጥ ጨመረ፣ ሞተሩ ይንኳኳ ጀመር፣ ከዚያ ውስጡ ተጣብቆ ድንገት ነክሶ ቆመ፣ መሪውም እንቢ አለው።

አብዶ መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ጋሽ ታምሩ የእሱን ጠርሙሶች ሲያዩ ደማቸው ይፈላ ነበር። «በጠርሙስ የሚሸጥ ጉልበት የለም!» ይላሉ፤ ደንበኛ ፊት ሳይቀር። ፖሊስ የባለሙያ አስተያየት ሲጠይቃቸው ሞተሩን ሳይከፍቱ አንድ ገጽ ጻፉ፤ ልጁን የገደለው ጠርሙሱ ነው ብለው። ሳሌሃም በዚያች አንድ ገጽ አብዶን አሰረችው። ሃያ ሦስት ቀን። በዚያ መሃል የተቆጡ ወጣቶች ሱቁን ሰባበሩት። በሁለተኛው ሳምንት እናቱ ሞቱ። ለቀብር በአጃቢ ልውጣ ብሎ ሲለምን «አጃቢ የለንም» ብላ በፊርማዋ የከለከለችው እሷ ናት። በኋላ ዐቃቤ ሕግ «ሞተሩ ተከፍቶ ይታይ» ብሎ መዝገቡን ሲመልሰው አብዶ በዋስ ወጣ፤ መኪናዋም ወደ ጋሽ ታምሩ ጋራዥ መጣች።

እና አሁን ሞተሩ ተከፍቷል። ካንዴላዎቹ ቀልተዋል። የከፈቱት ሰውዬ ሞተዋል።

«አብዶ ነው» አለ ኢዮብ። «ሊመሰክሩበት ሲሉ ገደላቸው። ሌላ ማን አለ?»

ሳሌሃ የሟቹን ስልክ ከፍታ እያየች ነበር። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ጥሪ አለ፤ መጀመሪያ ለሄኖክ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ለአብዶ።

*

አብዶን ሰኞ ጠዋት ከእንሴኖ አመጡት። ሱቁ ከጠፋ ወዲህ ከቆሼ ከተማ በርበሬ እያመጣ እንሴኖ ገበያ ላይ ይሸጣል። ከስቷል። ጣቶቹ ቀልተዋል፤ የሳሌሃን ፊት ላለማየት ሌላ ሌላውን ያያል።

«አሰላሙ አለይኩም» አለችው።

በከንፈሩ ብቻ መለሰላት።

«እሑድ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ ወልቂጤ። ጋራዡ በር ላይ።»

ኢዮብ እስክሪብቶውን ቀጥ አደረገ።

«ስንት ሰዓት?»

«ስድስት ሰዓት ግድም። አንኳኳሁ። የሚከፍት ጠፋ። ተመለስኩ።»

«ለምን መጣህ?»

«ጠራኝ። ቅዳሜ ደወለ። በድዬሃለሁ፣ ነገ ጸሎት ሳይወጣ ና፣ ማንም ሳይኖር አነጋግርሃለሁ አለ። እያለቀሰ ነበር።»

«የሰደቡህ፣ ያሳሰሩህ ሰው አልቅሰው ይቅርታ ጠየቁህ?»

«አታምኚም። ያኔም አላመንሽም፣ ሳሌሃ።» ማዕረጓን ሳይጠራ በስሟ ብቻ ነበር የጠራት። «ሄኖክ ሁለት ጠርሙስ ከእኔ ገዝቷል፤ አልካድኩም። ለቱርቦዋ ይረዳል፣ በልኩ ጨምር አልኩት። ለአባቴ ፒካፕስ? ሲለኝ ለእሱ አይረባም፣ ውኃ ብትጨምር ይሻላል ብዬ ስቄበታለሁ። ይህን ሁሉ ያኔ ነግሬሻለሁ። ጽፈሽዋል?»

አልጻፈችውም። ታስታውሳለች፤ ለጉዳዩ አይጠቅምም ብላ ነበር የዘለለችው።

ቢሆንም በቦታው ተገኝቷል፣ ቂም አለው፣ ያየለት ሰው የለም። እንደገና አስገባችው። የብረት በሩ ሲዘጋ አብዶ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ቢጮህ ኖሮ ይቀላት ነበር።

ማታ ቤቷ ስትገባ አንድ ነገር ሰላም ነሳት። አብዶ ሞተሩ ውስጥ የተገኘውን ነገር ለመደበቅ ገድሎ ከሆነ፣ ቀዮቹን ካንዴላዎች ጨርቅ ላይ ደርድሮ ለምን ሄደ?

*

ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ሥር ሄኖክ ከሐዘንተኞቹ ፊት ተቀምጦ ነበር። ጀሶው ከክንዱ ከወጣ ሁለት ሳምንቱ ነው። ዓይኑ አብጧል። ሳሌሃ ወደ ጥግ ስትጠራው ሩትም እጁን ይዛ ተከተለች።

«ቅዳሜ የደወሉልህ ለምን ነበር?»

«ለሠርጉ ነገር ነው፣ ኢንስፔክተር። ሽማግሌዎቹ መቼ ይምጡ የሚለውን ነበር የተነጋገርነው።» እንባው መጣ። «እንደ ልጃቸው ነበርኩ። ያ ሰውዬ መጀመሪያ ብሩክን ወሰደብኝ፤ አሁን ደግሞ እሳቸውን። ምን ቀረኝ?»

«እሑድ ጠዋት?»

«ጸሎት ቤት። ከሩት ጋር።»

ሳሌሃ ሩትን አየቻት። ልጅቱ ቀና ሳትል «አጠገቤ ነበር» አለች። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።»

የሟች ልጅ ናት፤ የአባቷን ገዳይ ለማዳን አትዋሽም። ሳሌሃ ቃሉን መዝግባ ወጣች።

*

ሙከሚል ቡታጅራ በሚገኝ የቴክኒክ ኮሌጅ አውቶ መካኒክ ያስተምራል። ሳሌሃ ማክሰኞ ዕለት በመኪና አስመጥታ ጋራዡ ውስጥ አስገባችው። ንግግሩ ረጋ ያለ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሰው ነው።

«ያኔ መጠየቅ የነበረብኝን አሁን ልጠይቅህ» አለችው። «ይህ የኦክቴን ማሳደጊያ የሚባለው ይረባል ወይስ አይረባም?»

«በማን መኪና?»

«ልዩነት አለው?»

«ነገሩ ሁሉ እሱ ነው። ሰው ኦክቴን ጉልበት ይመስለዋል። ትዕግሥት ነው እንጂ። ቤንዚኑ ሲጨመቅ፣ ብልጭታው ሳይመጣ በራሱ እንዳይፈነዳ የሚያደርገው ትዕግሥት። ተራ ሞተር ላይ ያለው ቤንዚን የሚበቃውን ያህል ትዕግሥት አለው፤ ብትጨምሪለት ትርፉ ጭስ ነው። ቱርቦ ግን አየሩን በግድ ነው የሚያጭቀው። ቤንዚኑ ደግሞ በዚህ እጥረት አንዳንዴ በበርሜል ሲዞር ከርሞ፣ ምን እንደተቀላቀለበት ሳይታወቅ ነው የሚደርሰን። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ጥሩው ዓይነት በልኩ ከተጨመረ ይረዳል። አዲስ ጉልበት አይሰጥም፤ ሞተሩ ራሱን ቀጥቅጦ እንዳይሰብር ያግዘዋል። ሐሰተኛው ደግሞ ከስሙ በቀር ምንም የለው።»

«ሞተር ያስነክሳል? በአንድ ጉዞ?»

«በልኩ የተጨመረ? እኔ አላየሁም። ጋሽ ታምሩም ሰውን ያታልላል ብለው ነው የሚጠሉት እንጂ፣ ልባቸው ያውቀዋል።» ካንዴላዎቹን አነሣ። «ይህ ቅላት የብረት ቅመም ያለበት ማሳደጊያ የሚተወው ዝገት መሰል ነገር ነው። እነዚህ እሱ ያለበትን ቤንዚን በደንብ ጠጥተዋል።»

«እንግዲያው ጨምሮበታል ማለት ነው።»

ሙከሚል ከጋሽ ታምሩ ሥር የወጣውን መፍቻ አንሥቶ በአንዱ ቀይ ካንዴላ ራስ ላይ ሊያጠልቀው ሞከረ። አልገባም። ሁለተኛውን ሞከረ። ሦስተኛውን። ከግድግዳው ላይ ሌላ፣ ሃያ አንድ ቁጥር መፍቻ አወረደ፤ ልክ ገጠመ። ያንኑ ይዞ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ፤ የካንዴላው ጉድጓድ ጠባብ ነው፣ መፍቻው አፉ ላይ ቀረ።

«ኢንስፔክተር፣ እነዚህ ከዚህ ሞተር አልወጡም። ይህ ሞተር የሚፈልገው ባለ አሥራ ስድስቱን ነው። ሟቹም ሲፈቱ የነበረው በእሱ ነው። ቀዮቹ የአሮጌ መኪና ናቸው።»

«የዚህ ሞተርስ የት ሄዱ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።» አሁን ወደ ሞተሩ ፊት ዞሮ ትልቁ ቡሎን ላይ መፍቻ አስገብቶ ጫን አለ። ሞተሩ ያለ ምንም ድምፅ ዞረ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። እንደ እጅ ወፍጮ።

«ነክሶ ቆመ ያለሽ ማን ነው?»

ሦስት ወር ሙሉ ይህ ሞተር በሳሌሃ እጅ ነበር። ለመዞር የፈለገው የአንድ ሰው ክንድ ብቻ ነው። ያን ሰው ሳትጠራ አንድ ገጽ አንብባ ማኅተም መታች።

*

ሩትን ከድንኳኑ አውጥታ በጓሮ በኩል ወደ እንሰቱ ወሰደቻት።

«አባትሽን ስታገኚያቸው ምን ለብሰሽ ነበር?»

«ጋውኔን። የመዘምራኑን።»

«በአምልኮ ሰዓት መዘምራን የሚቀመጡት የት ነው?»

«መድረኩ ላይ፣ ከፓስተሩ ኋላ…» ሩት ቆመች።

«ሄኖክ ይዘምራል?»

የእንሰቱ ቅጠል ነፋስ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። ከድንኳኑ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል።

«የብሩክ መቃብር ላይ ነበርኩ ብሎኝ ነው» አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ። «ብቻዬን ነበርኩ፣ ማንም አላየኝም፣ ፖሊስ ደግሞ አያምነኝም አለኝ። እየተንሰቀሰቀ ነበር፣ ኢንስፔክተር። በአባቴ ሬሳ አጠገብ ቆሞ ነው የለመነኝ። እኔም አንድ ሰው እንኳ ይትረፍልኝ ብዬ…»

ወደ ድንኳኑ ዞረች። ሳሌሃ ልትይዛት ስትል ሩት እጇን ገፋችው።

«እርስዎ አሁን ምን እያሉኝ ነው? ይንገሩኝ!»

«እስካሁን ምንም አላልኩሽም።»

«ብለውኛል» አለች ሩት።

*

የሄኖክ አባት ቤት ግቢ ውስጥ አብዶ ያነሣው ፒካፕ፣ አሮጌና ሰማያዊ፣ ቆሟል። ሽማግሌው ኮፈኑን ለኢዮብ ደስ ብሏቸው ከፈቱለት። ሞተሩ በጭቃና በዘይት ተለስኗል። አራቱ ካንዴላዎች ብቻ ከሱቅ እንደወጡ ያብረቀርቃሉ።

«ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ልጄ ነው የቀየረልኝ፤ ጌታ ይባርከው» አሉ። «ከአደጋው ሳምንት በፊት ከቡታጅራ ያመጣልኝን ጠርሙስ ከጨመርኩበት ወዲህ ሲንተፋተፍ ነበር። ሁለቱንም ነው የጨመርኩት።»

«ሁለቱንም ለዚህኛው?»

«አዎ። ለእሱ መኪና አይሆንም ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ምነው?»

ኢዮብ ሃያ አንድ ቁጥሩን መፍቻ አጠለቀ። ገባ። ሽማግሌው አንዴ ሳጅኑን፣ አንዴ ኢንስፔክተሯን ያያሉ።

ሄኖክን ከለቅሶው ድንኳን ሥር አነሡት። አልሮጠም። ጣቢያ ሲደርስ ውኃ ጠየቀ፤ ጠጥቶ ሳይጨርስ መናገር ጀመረ።

ሞተሩ አልነከሰም። መሪውም ደኅና ነበር። ያን ዕለት ሜዳው ላይ መቶ አርባ ሲነዳ ብሩክ «ቀስ በል» አለው። ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው መኪናዋን ማሳየት አማረውና እግሩን ጫነ። ከዚያ ጥምዙ መጣ። ሆስፒታል ሲነቃ የብሩክ እናት አልጋው ሥር ተቀምጠው አገኛቸው፤ «ልጄን ምን ገደለብኝ?» ሲሉት አፉ ላይ የመጣለት የአብዶ ጠርሙስ ነበር። ጋሽ ታምሩ ከመሬት ተነሥተው አመኑት፤ ለማመን ዓመታት ሲጠብቁ የኖሩት ነገር ነበርና። ፖሊስም አመነ። ሁሉም ሲያምነው ጊዜ ውሸቱ ለራሱም እውነት መሰለው።

«ቅዳሜ አንዷን ካንዴላ ፈትተው አዩ» አለ። «ነጭ ናት፣ ምንም አልነካትም፣ ሞተሩም ይዞራል፣ ዋሽተኸኛል አሉኝ። ነገ አብዶን ጠርቼዋለሁ፤ አንተም ና፣ ፊት ለፊት ትነግረዋለህ፣ ሰኞ አብረን ፖሊስ ጋ እንሄዳለን አሉ።»

«ካንዴላዎቹን ይዘህ ሄድክ።»

«ልለምናቸው ነው የሄድኩት። እነዚህን አስቀምጡና እነዚህ ናቸው የወጡት በሉ፣ ስለ ሩት ብለው፣ አልኳቸው። ብረቱን እዚያው ነው ያገኘሁት። ልጄ፣ እኔ በአንድ ወረቀት የሰው ቤት አፍርሻለሁ፤ ሁለተኛ አልዋሽም አሉና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ፈትተው የጨረሷትን የመጨረሻዋን ሊያወጡ ጎንበስ አሉ።» እጁን አየ። «ልጄ ነው ያሉኝ። ሳይቆጡኝ።»

ነጮቹን ካንዴላዎች ወቤ ወንዝ ድልድይ ላይ ሆኖ ጥሏቸዋል።

ሳሌሃ አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። «ለውድድር ያሠራኸው መኪና ነው። የሚጠቅመው ለእሷ ነው ብሎ አብዶ ነግሮሃል። ለምን አልጨመርክም?»

«ጋሽ ታምሩ አይረባም ስላሉኝ» አለ ሄኖክ። «ሳላምናቸው የዋልኩበት ቀን የለም።»

በማግስቱ ሩት ሳትጠራ ጣቢያ መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ። ለፖሊስ የሰጠችው የሐሰት ቃል በሕግ እንደሚያስጠይቃት ኢዮብ ቀስ ብሎ፣ ነገሩን ሊያልፍላት ፈልጎ ነገራት።

«ይጻፍ» አለች። «የአባቴ ስም ያለበት መዝገብ ላይ የእኔም ይጻፍ።»

ሳሌሃ ጻፈችው። ብዕሩ ሁለት ጊዜ ወረቀቱን ቀደደባት።

*

አብዶን ሐሙስ ጠዋት ፈቱት፤ ሳሌሃ ፍርድ ቤት ስለነበረች አላገኘችውም። የገበያ ቀን ጠብቃ እንሴኖ ወረደች። የደንብ ልብሷን ሳትለብስ፣ ሻሽ አሥራ። ከዛፍ ሥር፣ ከተዘረጋ ጆንያ ኋላ ተቀምጦ አገኘችው። የቆሼ በርበሬ ከፊቱ ተከምሯል።

«ክሱ ተነሥቷል» አለችው። «የሁለቱም መዝገብ። ደብዳቤውን ይዤልህ መጥቻለሁ።»

«እጄ በርበሬ ነው። እዚያ ላይ አስቀምጪው።»

ደብዳቤውን ድንጋይ ጭና አስቀመጠች። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገረችው፤ ምንም አላስቀረችም፣ የራሷንም። አብዶ ዛላውን ከቅንጥቡ እየለየ ሰማት።

«እኔ ያን ጠርሙስ ለባጃጅ ነጂዎች ከልክያለሁ» አለ ስትጨርስ። «ሲለምኑኝ፣ አይረባችሁም፣ ሂዱ እላቸዋለሁ። በሙሉ ልቤ ይረዳል ብዬ የሸጥኩት ለአንዲት መኪና ነው። እሷ ደግሞ አልቀመሰችውም።» ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። «ጋሽ ታምሩ በስልክ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አለኝ። አላልኩትም። ፊቴን እያየህ በለኝ አልኩት። ለዚያ ነው የሄድኩት። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ፈርቶ ተደበቀብኝ መሰለኝና በሩ ላይ ቆሜ ረገምኩት፤ ከነልጁ፣ ከነቤቱ። እሱ ከበሩ ወዲያ ወድቆ እኔ እረግመዋለሁ።»

«አላወቅክም።»

«አንቺም አላወቅሽም። ጋሽ ታምሩም አላወቀም። ማንም አላወቀም። እናቴ ግን ያለ እኔ ተቀበረች። ጀናዛዋን የሸኘው ጎረቤት ነው።»

ሳሌሃ ጆንያው ፊት ቁጢጥ አለች። በሃያ ዓመት ሥራዋ ይህን ቃል ለእስረኛ ብላ አታውቅም።

«አብዶ፣ እኔንም አፉ በለኝ።»

ዛላዎቹን መለየቱን አላቋረጠም። አንድ የሻገተ አገኘና ወረወረው። ሌላ አነሣ፣ ለብርሃን ገልጦ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። ዘምቢል ያንጠለጠለች አንዲት ሴትዮ ከኋላ መጥታ «ዋጋው እንዴት ነው?» አለች።

አብዶ ቀና አለ። ሳሌሃን ሳይሆን ከትከሻዋ በላይ ሴትዮዋን አያት።

«ዘወር በይላት» አለ። «ገዢ ቆማለች።»